ዘሃራ ለቅሶ የደረሰችበት ድንኳን

የረጠበ ሸራ ሸቶኝ ነው ይህን ሁሉ የማወራው። ሰሞኑን ጓደኛዬ በረኸ ክረምቱን ሙሉ ተሸፍና የከረመችውን ቮንሞቢሉን ሊያናፍሳት እኛ ሰፈር፣ ፍራንክፈርት ቦናመስ ድረስ ይዟት መጣ። ቮንሞቢል ለማያውቅ፣ አልጋና ምድጃ የተገጠመላት፣ ቤትም ነኝ መኪናም ነኝ የምትል ነገር ናት። ክረምት ስል ደግሞ የዚህን አገር ማለቴ ነው። የኛ ክረምት እህል ያበቅላል፣ የዚህኛው ጉልበት ከማሳመም ሌላ ሥራ የለውም። ከበሩ በላይ የሚዘረጋውን የጥላ ሸራ ስንፈታው ያ የታፈነ፣ እርጥብ እርጥብ የሚል፣ ትንሽም ሰም ሰም የሚል ሽታ ወጣ። በረኸ «ሻግቷል መሰለኝ» ብሎ አፍንጫውን ያዘ። እኔ ግን አልያዝኩም። ቆሜ ሳሸት ደሴ ገባሁ።

ደሴ፣ ሰኞ ገበያን አልፎ ወደ ታች ሲወረድ፣ አንዲት ቆርቆሮ ክዳን ሱቅ ነበረች። ባለሱቁ ኢብራሂም የባለቤቴ የዘሃራ ታላቅ ወንድም ነው። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ያሳደጋትም እሱ ነው። ጠዋት የጭነት መኪና ሸራ ይሰፋል፣ ከሰዓት በኋላ የጎረምሳ ሱሪ። ያኔ አሰብ የሚመላለስ መኪና ሸራው የተቀደደበት እንደሆነ ሌላ ሰው ጋ አይሄድም፤ ስለዚህ ወደ ሱቁ የሚገባውን ሰው ከባለቤቱ በፊት የሸራው ሽታ ነበር የሚቀበለው። ሱሪው ደግሞ ጭን ላይ ጥብቅ፣ ከታች ጫማውን ውጦ መሬት የሚጠርግ ነው። የታችኛው ስፋት በጨመረ ቁጥር ኩራቱም ዋጋውም ይጨምራል። ሻይ በአምስት ሳንቲም በሚጠጣበት ዘመን፣ አንድ ብር ይዞ የወጣ ሰው ጓደኛውን ጋብዞ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ በተረፈው ደግሞ ፒያሳ ላይ ሲንጎራደድ ይውላል። ከየሱቁ ራዲዮ የባቲ ቅኝት ይንቆረቆራል። እኔ ያኔ ሱሪ ማሳጠር፣ ማስጠበብ፣ መልሶ ማስፋት አብዝቼ ነበር። ኢብራሂም ደግሞ ሞኝ አልነበረም። አንድ ቀን መቀሱን አስቀመጠና «ስማ ሰይድ፣ ይሄ ሱሪ ከዚህ በላይ ከጠበበ አንተ አትገባበትም። ይልቅ ሽማግሌ ላክ» አለኝ። ዘሃራ ከመጋረጃው ጀርባ ቁልፍ ትተክል ነበር። ሳቋን ሰማሁት።

ከዚያ ዘመኑ ተገለባበጠ። ማን ማንን ገለበጠ የሚለውን ለሚያውቁት ልተወውና፣ እኛ ራሳችንን ያገኘነው እዚህ ፍራንክፈርት፣ ጉትሎይትፊርቴል በሚባል ሰፈር፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆ የሚንጫጫባት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ዘሃራ ማይን ወንዝ ዳር ካለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ በጥቂት ማርክ የወንድ ካፖርት ገዛች። እሷ ቀጭን፣ ካፖርቱ የግንበኛ፤ ከኋላ ላየው ካፖርቱ ብቻውን ነበር የሚሄደው። ስልክ የማይቀመስ ስለነበር ኢብራሂም ድምፁን ካሴት ላይ ቀድቶ በመንገደኛ ይልክልናል፤ በአንድ በኩል የሰፈሩን ወሬ፣ በሌላው መንዙማ። መቼም ሥራ አይፈታም፣ ወሬው መሃል የስፌት መኪናው ሲንጣጣ ይሰማል። እሱን እየሰማን ዘሃራ የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት ሥራ ያዘች፣ እኔ ኤርፖርት የዕቃ ክፍል ሽታፕለር፣ ጭነት ማንሻዋን መኪና፣ መንዳት ጀመርኩ። የወለድናቸው ልጆችም አድገው ወጡ። በአማርኛ ስንጠይቃቸው በጀርመንኛ የሚመልሱልን ልጆች አሁን የራሳቸው ልጆች አሏቸው።

ዓምና በብርዱ ወራት ኢብራሂም ሞተ። እንግዲህ በኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ሰው ሞተ ተብሎ ለዘመዱ እንዲያው አይወረወርም። ጎረቤት ይሰባሰባል፣ አንደበተ ርቱዕ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ማለዳ ቤቱ ይኬዳል። ሰውየው በሩን ከፍቶ ያንን ሁሉ ሰው ሲያይ ሳይነገረው ይገባዋል፤ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ፣ ሲጮህ አብሮ የሚጮህ ጉሮሮ አለው። እኔም ከደሴ ተደውሎልኝ ሰው ላሰባስብ ስል፣ አንዱ ችኩል የልጅ ልጁ የኢብራሂምን ፎቶ «አላህ ይማረው» ብሎ ኢንተርኔት ላይ አወጣው። ዘሃራ ቦከንሃይም፣ ላይፕሲገር መንገድ ዕቃ ገዝታ ስትመለስ፣ ኡ ባን በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ ቆማ ስልኳን ከፈት ብታደርግ ወንድሟ ነው። ግራ ቀኟ የማታውቀው ሰው፣ ሁሉም በየስልኩ ያቀረቀረ። ምን ታድርግ? ጩኸቷን ዋጠችው። ቤት ገብታ ወተቱን ማቀዝቀዣ፣ ሽንኩርቱን ቅርጫት ውስጥ ካስቀመጠች በኋላ ነው «ኢብራሂም ሞቷል» ያለችኝ።

ሰዉ ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ ራሷ ሻይ ትቀዳ ነበር። እርሟን አላወጣችም። ጉልበቷን ገና ቀዶ ጥገና መደረጓ ስለነበር ደሴ መሄዱም አልሆነላት። ለመዲና፣ ለኢብራሂም ሚስት፣ ስልክ እንኳን አልደወለችም። «ምን ብዬ ልደውል? ዕንባዬ አልመጣ ብሎ! ወንድሟ ሞቶ በደረቅ ዓይን የምትደውል እህት አይተህ ታውቃለህ?» ትለኛለች። ከዚያ ወዲያ ከቤት መውጣት ተወች። ሐኪሙ ጉልበትሽ እንዲድን ተራመጂ ይላል፣ እሷ መስኮቱ ሥር ቁጭ። ቴሌቪዥን ብከፍትላት ታያለች፣ ብዘጋውም እዚያው ታያለች። ወላሂ ፈራሁ። ዕድሜ ልኬን የለመድኩት ወሬዋ፣ ቁጣዋ፣ «አንተ ሰውዬ!» የምትለው ነገሯ ጠፍቶ ቤቱ ጭር አለብኝ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሄደችብኝ ያለች ነበር የሚመስለኝ።

ይህን ለማን ይነግሩታል? ለበረኸ ነገርኩት። በረኸ የአስመራ ልጅ ነው። አማርኛን ትምህርት ቤት ተቀምጦ ስለተማረው ከኔ ከወሎዬው ይበልጥ ያሳምረዋል፤ ሲደነግጥና ሲደሰት ብቻ ትግርኛው ያመልጠዋል። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ «እስቲ ደግሞ ፌርማታ በሌለበት ልንዳ» ብሎ ይህችን ቮንሞቢል ገዛ። ሚስቱ ቤት እያለ መኪና ውስጥ መተኛት ዕብደት ነው ባይ ናት፤ ስለዚህ ተሳፋሪው እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ በወጣችበት በበጋው፣ በራችንን አንኳኳ።

«ዘሃራ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ተነሺ፤ ጫካ ልንሄድ ነው።»

«ጫካ ምን አለኝ ጋሽ በረኸ? ጉልበቴን አያዩትም?»

«መኪናዋ አልጋ አላት፤ ከፈለግሽ ተኝተሽ ሂጂ።»

«ሌላ ቀን ይሁን።»

«ሌላ ቀን ቴርሚን አለኝ» አላት። ውሸቱን ነው፣ ጡረተኛ ምን ቀጠሮ አለው? ዘሃራ እኔን ዞር ብላ አየችኝና ተነሳች። ለሱ ይሉኝታ ይዟት እንጂ ለኔማ ንቅንቅ አትልም ነበር። ደግሞ ለአንድ ቀን መንገድ ሳምቡሳው፣ የተቀቀለው እንቁላል፣ ዳቦው፣ በሁለት ፔርሙዝ ሻይ! ኀዘኑም ቢሆን የስንቅ ልኳን አላስረሳትም።

ወደ ሰሜን ወጥተን ፎግልስበርግ የሚባለው ተራራማ አገር ገባን። ከትልቁ መንገድ ወጣ ሲሉ ትንንሽ ከተሞች ናቸው፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ ደጃፉን የሚጠርግ አንድ ሽማግሌ። በረኸ በየከተማው ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ያም ሆኖ እንደ አውቶቡስ ሹፌርነቱ ፌርማታ ባየ ቁጥር እግሩ ፍሬን ላይ ይሄዳል። ዘሃራ መስኮቱ አጠገብ እንደተቀመጠች በድንገት «ይሄ እኮ ጭቃ ቤት ነው!» አለች። እነዚያን የጥንት ቤቶች ማለቷ ነው፤ እንጨታቸው በውጭ በኩል የሚታየውን።

«ማገሩን አታይም? ምርጊቱ ላይ ኖራ ቀቡት እንጂ ጭቃ ነው። አያቴ ቤት ልክ እንዲህ ነው፤ ይሄ ግን ፎቅ ሆነ።»

«እነሱ ቅርስ ነው ብለው ይጠብቁታል፣ እኛ ኋላ ቀርነት ነው ብለን አፈረስነው» አለ በረኸ።

«አፍርሰንስ በምን ተካነው? በብሎኬት! በጋ ምድጃ፣ ክረምት ማቀዝቀዣ» አለች። ይህን ያህል በአንድ ትንፋሽ ስትናገር ከሰማሁ ከርሜ ነበር። እንዳላስደነብራት ወደ ውጭ አየሁ።

ጫካው ዳር መኪናዋን አቁመን በእግር ገባን። ጥቁር ድንጋይ የበዛበት፣ ዛፎቹ ቀጥ ብለው ወጥተው ላይ የተጋጠሙበት ጫካ ነው። ዘሃራ በአንድ እጇ ምርኩዝ፣ በሌላው የኔን ክንድ ይዛ ትራመዳለች። በወጣትነታችን ኢብራሂም አርብ ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ ሁለታችንን ጦሳ ተራራ ላይ ይወስደን ነበር። ለወግ ያህል እሱ መሃል ይሆናል፣ እኛ ግራና ቀኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ «ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገባ፣ ቅደሙኝ» ይላል። ያ ጠጠር በየሳምንቱ ነበር የሚገባው! እዚያ ጫካ ውስጥ ይህን ላነሳላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቷን አየሁና ተውኩት። አንዱ ግንድ ላይ ተቀምጠን ሳምቡሳውን በላን። እሷ አንዱን ቆርሳ ሳትበላው ይዛው ቆየች፣ ከዚያ በወረቀት ጠቅልላ መለሰችው።

ድንኳኑን ያየነው ከጫካው ወጥተን አንዲት መንደር ስንገባ ነው። ትልቅ ነጭ ድንኳን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን፣ ሜዳ ላይ ተተክሏል። ከፊቱ ጥቁር ሱሪና ጥቁር ሰደርያ የለበሱ ወንዶች ቆመዋል። ውስጡ በረጅም አግዳሚ ወንበር ተሞልቷል፣ ሰዉ ሁሉ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቷል። አንድ ሽማግሌ ዝግ ባለ ድምፅ ስም ይጠራል። እናንተዬ፣ ይህን አይቶ ለቅሶ ነው የማይል ወሎዬ አለ?

«ሰው ሞቷል» አለች ዘሃራ። «ያቁሙ ጋሽ በረኸ።»

«አናውቃቸውም እኮ ሓፍተይ!»

«ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ደርሶ ማለፍ አለ እንዴ? ነውር ነው! ባናውቃቸውስ፣ ሟቹ የሰው ልጅ አይደል?» ብላ ሻሿን ግንባሯ ላይ ዝቅ አድርጋ አሰረች። ከቤት አልወጣም ብላ ስንት ወር ያስለመነችኝ ሴት ምርኩዟን ይዛ ከኛ ቀድማ ወረደች። ለራሷ መውጣት ያቃታት ለሰው ለቅሶ ሲሆን እግሯ አልከበዳትም።

ድንኳኑ ውስጥ እንደገባን ከመጀመሪያው ወንበር ጀመረች። ለእያንዳንዱ ሰው እጇን እየሰጠች፣ አንገቷን ሰበር እያደረገች፣ «ማይን ባይላይድ» ትላለች። ጀርመን ለቅሶ ላይ የሚለው ነው፤ አረጋውያን ቤት ስትሠራ ነው የለመደችው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ እኔም በረኸም ከኋላዋ እየተከተልን «ማይን ባይላይድ፣ ማይን ባይላይድ»። ሰዎቹ ግራ ገባቸው። ግን ጨዋ ናቸው፣ እጃቸውን ሰጥተው «ዳንከ» እያሉ ያመሰግናሉ። አንዱ ወፍራም ሰውዬ እጄን እንደያዘ ጎረቤቱን በዓይኑ ጠየቀው። ጠረጴዛው ላይ ወደ ታች ስመለከት የቢራ ብርጭቆ ተደርድሯል። ወይ ጉድ! ዘሃራን በክርኔ ልነካት ስል ቀድማኝ ወደሚቀጥለው አልፋለች።

ወንበሩ ጫፍ ላይ ነጭ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች አንዲት አሮጊት ነበረች። ዘሃራ እጇን ሰጥታ ያንኑ ቃል አለቻት። ሴትዮዋ «ዳንከ» አላለችም። እጇንም አልለቀቀችም። ዘሃራ ትከሻ ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ዘሃራ ምርኩዟን ጥላ አቀፈቻት። ልክ በዚያች ሰዓት ውጭ የነበሩት ባለ ጥቁር ሰደርያዎች ጥሩምባና ከበሮ ይዘው ገቡና ድንኳኑን በዳንስ ሙዚቃ አናጉት። ሰዉ ተቀመጠ፣ ብርጭቆውን አነሳ፣ ሳቁ ቀለጠ።

ዘሃራ አሮጊቷን እንዳቀፈች ዓይኗን በልጥጣ አየችኝ። «ሰይድ! እነዚህ ሰዎች ይጨፍራሉ እኮ!»

«ለቅሶ አይደለም፣ የመንደር በዓል ነው» አልኳት።

«ውይ በሞትኩት! ይሄን ሁሉ ሰው አረዳሁት?»

ነገሩን የነገረችን ራሷ አሮጊቷ ናት። ሂልደ ነው ስሟ። የእሳት አደጋ ማኅበራቸው ዓመታዊ በዓል ነው፤ ስንገባ በዓመቱ ውስጥ የሞቱትን አባላት ለማሰብ ቆመው ኖሯል። ከተጠሩት ስሞች አንዱ የባሏ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ድንኳን ውስጥ ጥሩምባ ሲነፋ፣ እሷ እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትሰማው ኖራለች። በብርዱ ወራት ሞተ። «ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ ስለ አየሩ ያወራኛል» አለች። «እንዳላለቅስ ፈርተው ነው። ስሙን የሚያነሳልኝ አጣሁ።» ዘሃራ ከጎኗ ተቀመጠች። ጀርመንኛዋ የወጥ ቤት ጀርመንኛ ነው፣ ግን ለዚህ ይበቃል። «እንግዲያው ስሙን ንገሪኝ» አለቻት። ሴትዮዋም ነገረቻት። ምን ይወድ እንደነበር፣ እንዴት እንደሚያንኮራፋ፣ ጥሩምባውን ሲወለውል ወጥ ቤቷን እንዴት እንደሚያቆሽሽባት። ዘሃራ እጇን እያሻሸች «እልል ያለ ባል ነበረሽ፣ አልቅሺለት፣ ይገባዋል» ትላታለች። እኔና በረኸ የመጣልንን ኬክ እየበላን ሌላ ወንበር ላይ ቁጭ አልን። ስንነሳ ሂልደ እስከ መኪናዋ ሸኘችን። የዘሃራን ጉንጭ በሁለት እጇ ይዛ «አንቺስ? ላንቺስ ማን ሞቶብሽ ነው?» አለቻት።  ዘሃራ አንገቷን ብቻ ነቀነቀች።

ከመንደሩ ወጥተን ብዙም አልሄድን። ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ የሆነበት ጠባብ መንገድ ላይ «ጋሽ በረኸ፣ ያቁሙልኝ» አለች። ጉልበቷ የተነሳባት መስሎኝ ደንግጬ ዞርኩ። ስልኳን አውጥታለች።  በረኸ ዳር ይዞ አቆመ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ከዚያ ደሴ ተነሳ።

«መዲናዬ» አለች። «እኔ ነኝ።»

ከወዲያኛው ጫፍ «ዘሃራ? የኔ ዘሃራ፣ የት ቀረሽ?» የሚል ድምፅ።

ያኔ ፈነዳ። «ወንድሜን! ወንድም ጋሼን! ያሳደገኝን!» መዲናም ከደሴ ተቀበለቻት። አንዷ ስትጀምር አንዷ ትቀጥላለች፤ ስሙን ይጠራሉ፣ ደግነቱን ይቆጥራሉ፣ ያ ሁሉ ወር የታፈነ ለቅሶ መኪናዋን ሞልቶ በመስኮቱ ወደ ገብሱ ወጣ። እኔና በረኸ ቀስ ብለን ወረድን። ሴት እርሟን ስታወጣ ወንድ ደጅ መሆን አለበት። በረኸ ፊቱን አዙሮ በትግርኛው «እወ፣ ጽቡቕ፣ ጽቡቕ»፣ አዎ፣ ጥሩ ነው፣ እያለ አፍንጫውን ይጠርጋል። እኔ የመኪናዋን ጎን ተደግፌ ዕንባዬ በጺሜ ይወርዳል፣ ጥርሴ ደግሞ አልከደን ብሏል።

አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ የራስ ቁር ያደረጉ፣ በብስክሌት መጡ። ጩኸቱን ሲሰሙ ሁለቱም ፍሬን ይዘው ወረዱ። ሴትዮዋ ስልኳን አውጥታ ለፖሊስ ለመደወል ተዘጋጅታለች። ሰውየው ወደኔ ቀረብ አለና «ይቅርታ፣ ሁሉም ነገር ደህና ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው፣ በጣም ደህና ነው» አልኩት በጀርመንኛ። «አልሐምዱሊላህ፣ ሚስቴ እያለቀሰች ነው።»